የመካከለኛው ዘመን መጻሕፍትና የዘመኑ ተማሪ ኪስ

በአሜሪካ ኮሌጆች የመካከለኛውን ዘመን ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር መምህር ሴሚስተሩ ከመከፈቱ ከወራት በፊት የመጻሕፍቱን ዝርዝር ማስገባት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ፣ ተማሪው ለኮርስ ሲመዘገብ የሚያስፈልጉትን መጻሕፍትና ዋጋቸውን በተቻለ መጠን አስቀድሞ እንዲያውቅ ያዛል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመሆኑም ተማሪው የጥንቱን የእንግሊዝኛ ግጥም ቤዎልፍን ወይም የገጣሚውን የቻውሰርን ሥራዎች ከማንበቡ በፊት ዋጋቸውን ያነባል። አንዳንዱ ይገዛል፣ አንዳንዱ ይከራያል፣ አንዳንዱ ከጓደኛው ጋር ይጋራል። ሳይገዛ ሴሚስተሩን እንደ ምንም የሚገፋውም ጥቂት አይደለም።

ይህ ዝርዝር ባለፉት ሃያ ዓመታት መልኩን ቀይሯል። ድሮ መምህሩ አንድ ወፍራም መድበል ያዝዝና ነገሩ በዚያ ያበቃ ነበር። በ1962 በኤም. ኤች. ኤብራምስ ዋና አዘጋጅነት የወጣው የኖርተን የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ መድበል ለትውልዶች ይህን ቦታ ይዞ ቆይቷል። የካናዳው ብሮድቪው በኋላ ተፎካካሪ ሆኖ መጣ። ዛሬ በብዙ ኮርሶች መድበሉ ወጥቶ ጥቂት ስስ መጻሕፍትና ረጅም የነጻ ድረ ገጾች ዝርዝር ተተክቷል። አንዳንድ ኮሌጅ ጭራሽ ምንም መጽሐፍ የማይገዛበት ዲግሪ አዘጋጅቷል፤ በቨርጂኒያ ያለው ታይድዎተር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በ2013 ይህን ሲጀምር በአገሪቱ ፈር ቀዳጅ ነበር። የኒውዮርክ ግዛትም በ2017 ለሁለቱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓቶቿ ለዚሁ ዓላማ 8 ሚሊዮን ዶላር መድባለች።

ለውጡ የሚያስደስት ነው፤ ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ ተማሪውን ከአንዱ ችግር አውጥቶ ሌላ ውስጥ ይከተዋል። ርካሽ መጽሐፍ የሚመርጥ መምህር ተማሪው የሚያወጣውን ገንዘብና የሚያነበውን ጽሑፍ ጥራት በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማየት አለበት። አንዱን ነጥሎ ያየ ምርጫ ያው ተማሪውን ያስከፍለዋል፤ በዶላር ባይሆን በሰዓትና በግንዛቤ።

ዋጋው ከየት መጣ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከዋጋው ታሪክ እንነሣ። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2005 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ1986 መጨረሻ እስከ 2004 መጨረሻ የኮሌጅ መማሪያ መጻሕፍት ዋጋ በ186 በመቶ ጨምሯል፤ በዚያው ጊዜ የአጠቃላዩ ዋጋ ጭማሪ 72 በመቶ ነበር። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮም ከ2006 እስከ 2016 ሌላ 88 በመቶ ጭማሪ መዝግቧል።

የዚህ ገበያ ጠባይ ለየት ይላል። መጽሐፉን የሚመርጠው መምህሩ ነው፤ ከፋዩ ተማሪው። ለመምህሩ አሳታሚው የናሙና ቅጂ በነጻ ስለሚልክለት ዋጋውን ሳያይ ሊያዝዝ ይችላል። መራጩ ዋጋ ካላየ ደግሞ አሳታሚውን የሚገታው የለም። በዚያ ላይ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ እትም ይወጣል፤ የገጽ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ያገለገለው መጽሐፍ ዋጋ ያጣል፤ ካምናው ተማሪ በግማሽ ዋጋ መግዛት ይችል የነበረው የዘንድሮው ተማሪ አዲሱን ይገዛል።

ተማሪዎች በበኩላቸው ማምለጫ ሲፈልጉ ኖረዋል። በጣም የታወቀው የሱፓፕ ኪርትሴንግ ጉዳይ ነው። ይህ የታይላንድ ተማሪ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲማር ዘመዶቹ አገር ቤት በርካሽ የሚሸጠውን የጆን ዋይሊ መጽሐፍ እየገዙ ይልኩለት፣ እሱም አሜሪካ ውስጥ ይሸጠው ነበር። አሳታሚው ከሰሰው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘልቆ በ2013 ተማሪው በስድስት ለሦስት ድምፅ ረታ። ፍርዱ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ መጽሐፍ የትም ይታተም የት ባለቤቱ ሊሸጠው እንደሚችል አጸና። ብቸኛው ምክንያት ይህ ነው ባይባልም፣ አሳታሚዎች ከመሸጥ ይልቅ ወደ ማከራየትና ወደ ዲጂታል ፈቃድ ማዘንበላቸው እየጎላ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የተሸጠ መጽሐፍ ዞሮ ይሸጣል፤ የይለፍ ቃል ግን አይሸጥም።

ከ2016 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ደንብም የመጽሐፍ ዋጋ ከትምህርት ክፍያው ጋር ተደምሮ እንዲጠየቅ በር ከፈተ። ተማሪው አልፈልግም ብሎ በጊዜው ካላመለከተ ይከፍላል። ብዙ ጊዜ ቅናሽ አለው፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ ሁሉም ተማሪ መጽሐፍ ይዞ መገኘቱም ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ሴሚስተሩ ሲያበቃ መጽሐፉ ከስክሪኑ ይጠፋል፤ ከዳሩ የጻፈው ማስታወሻም አብሮ ይሄዳል። በየዓመቱ ለሚለዋወጥ የሂሳብ አያያዝ መጽሐፍ ይህ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። ደጋግሞ በማንበብ ብቻ ለሚከፈት የ14ኛው ምዕተ ዓመት ግጥም ግን ትልቅ ኪሳራ ነው።

ደራሲው ክፍያ የማይጠይቅበት ትምህርት

የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ ከሌላው ኮርስ የሚለይበት መሠረታዊ ነገር አለ። ቻውሰር በ1400 ሞቷል፤ ወራሾቹ የቅጂ መብት አይጠይቁም። ተማሪው የሚከፍለው ለሌሎች ሰዎች ሥራ ነው፤ ብራናዎችን አመሳክሮ ጽሑፉን ላቀናው፣ ለተረጎመው፣ ከባዱን ቃል በግርጌ ለፈታው፣ መግቢያውን ለጻፈው ምሁር፤ ከዚያም ለአሳታሚው። በአሜሪካ ሕግ የቆየ ኅትመት 95 ዓመት ሲሞላው የሕዝብ ይሆናል። ስለዚህ በ19ኛው ምዕተ ዓመትና በ20ኛው መጀመሪያ የወጡ ትርጉሞች በነጻ ይገኛሉ። ቤዎልፍን በፍራንሲስ ጉመሬ ትርጉም፣ ዳንቴን በሎንግፌሎ የ1867 ትርጉም፣ የማሪ ደ ፍራንስን ታሪኮች በዩጂን ሜሰን የ1911 ትርጉም ያለ አንድ ሳንቲም ማንበብ ይቻላል።

ገንዘብ የሌለው ተማሪ እነዚህን ቢያገኝ ምን ይጎድልበታል? ጥያቄው በጅምላ አይመለስም፤ መልሱ ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል። በሁለት ሥራዎች ላይ ጠጋ ብለን እንየው።

አንደኛው “ሰር ጋዌንና አረንጓዴው ባላባት” ነው። በብሪቲሽ ላይብረሪ በሚገኝ አንድ ብራና ላይ ብቻ የተረፈ፣ 2530 ስንኝ ያለው ግጥም ነው። በአዲስ ዓመት ግብዣ ላይ አንድ አረንጓዴ ግዙፍ ሰው በንጉሥ አርተር አዳራሽ ይከሰታል፤ ጋዌን በመጥረቢያ አንገቱን ይቀላዋል፤ ሰውየው የተቆረጠ ራሱን አንሥቶ ከዓመት በኋላ ተራህ ነው ብሎት ይሄዳል። በግጥሙ አሠራር በመነሻ ድምፅ የሚመሳሰሉ ረጃጅም ስንኞች ተደርድረው ይመጡና መጨረሻ ላይ አንድ እጅግ አጭር ስንኝ፣ ከዚያም ቤት የሚመቱ አራት አጫጭር ስንኞች ይዘጉታል። ረጃጅሞቹ አዳራሹን፣ ልብሱን፣ አደኑን እያስፋፉ ይተርካሉ፤ ድንገቱና ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በአጫጭሮቹ ላይ ነው። ጄሲ ዌስተን በ1898 ያወጣችው ነጻ ትርጉም በስድ ንባብ ነው። ታሪኩ አለ፤ ሦስቱ የአደን ቀናት አሉ፤ የባላባቱ ሚስት ወደ ጋዌን መኝታ መመላለሷም አለ። የግጥሙ ምት ግን የለም። ለታሪኩ ብቻ ለሚያነበው ይበቃዋል፤ ገጣሚው እንዴት እንደሠራው ለሚጠየቅ የኮሌጅ ተማሪ አይበቃውም። እንደ ሳይመን አርሚቴጅ የ2007 ትርጉም ያለ፣ ድምፁን ለመመለስ የሚታገል ሥራ እዚህ ላይ ዋጋው ይገባዋል።

ሁለተኛው የቻውሰር “የካንተርበሪ ተረኮች” ነው። እዚህ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። በላሪ ቤንሰን መሪነት በ1987 የተዘጋጀው ሪቨርሳይድ ቻውሰር ከ1300 ገጽ በላይ ያለው የምሁራን እትም ነው፤ ለዶክትሬት ተማሪ የግድ ነው፣ ሦስት ተረኮች ብቻ ለሚነበቡበት ኮርስ ግን ከልክ በላይ ነው። ይኸው ምሁር ያዘጋጀው፣ ከእያንዳንዱ የቻውሰር ስንኝ ሥር የዘመኑን እንግሊዝኛ ያስቀመጠ ጽሑፍ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል። ተማሪው ኦሪጅናሉን ጮክ ብሎ እያነበበ ሲቸግረው ዓይኑን አንድ መስመር ዝቅ ያደርጋል። ብዙ የሚሸጡ ዘመናዊ ትርጉሞች ቻውሰርን ራሱን አያሳዩም፤ ይህ ነጻ ጽሑፍ ያሳያል። ስለዚህ መክፈል ጥራትን አይገዛም፤ ነጻ መሆንም ጥራትን አይከለክልም። መምህሩ እያንዳንዱን ጽሑፍ ለብቻው መመርመር አለበት።

ነጻው መደርደሪያ የሚያጎድለው

የአሮጌ ትርጉሞች የመጀመሪያ ችግር ቋንቋቸው ነው። የዚያ ዘመን ተርጓሚዎች ሥራው ጥንታዊ እንዲመስል ሆን ብለው ያረጀ እንግሊዝኛ ይጠቀሙ ነበር። እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር ለጠባ ተማሪ ይህ ጥቂት ያስቸግረዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች እየሠራ ለሚማር፣ እንግሊዝኛን ከአማርኛ ወይም ከትግርኛ ቀጥሎ ለተማረ ልጅ ግን አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ መተርጎም ይሆንበታል፤ መጀመሪያ ካረጀው እንግሊዝኛ ወደ ዛሬው፣ ከዚያ ወደሚገባው ሐሳብ። የሌሊት ፈረቃ ላለበት ተማሪ 15 ዶላር አድኖለት በየሳምንቱ ሦስት ሰዓት የሚወስድበት መጽሐፍ ርካሽ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ጠለቅ ያለ ነው። የሕዝብ የሆነው መደርደሪያ የተሞላው ከ1930 በፊት የነበሩ ምሁራን ሊያነቡ በመረጡት ነው። ማርጀሪ ኬምፕን እንውሰድ። በ1373 ገደማ የተወለደች፣ የ14 ልጆች እናት፣ እስከ ኢየሩሳሌም የተሳለመች እንግሊዛዊት ናት፤ የሕይወት ታሪኳን የያዘው ብቸኛ የእጅ ጽሑፍ የተለየው በ1934 ነው። ክሪስቲን ደ ፒዛን በ1405 ገደማ ስለ ሴቶች ክብር የጻፈችው “የእመቤቶች ከተማ” በ1521 ወደ እንግሊዝኛ ከተመለሰ በኋላ ሁለተኛ ሙሉ ትርጉም ያገኘው በ1982 ነው። ወጪን ብቻ አይቶ ነጻ ጽሑፎችን የሚለቅም መምህር ሳያውቀው የሴቶቹን ድምፅ ከኮርሱ ያስወጣል፤ ባላባቶቹና ድራጎኖቹ ብቻ ይቀራሉ።

ይህን ክፍተት ከሌሎች ሁሉ በተሻለ የሞላው ሥራ የመካከለኛው እንግሊዝኛ፣ ማለትም የቻውሰር ዘመን እንግሊዝኛ፣ ጽሑፎች ተከታታይ ነው። በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ራስል ፔክ መሪነት በ1990 ገደማ የተጀመረው ይህ ተከታታይ ጽሑፎቹን በድረ ገጽ በነጻ ይለቃል፤ በወረቀት የሚፈልግ ደግሞ በካላማዙ ከሚገኘው የዌስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አሳታሚ በመጠነኛ ዋጋ ይገዛል። የማርጀሪ ኬምፕ መጽሐፍ በ1996፣ የኖርዊቿ ባሕታዊት የጁሊያን ራእይ በ1994 ወጥተዋል። አዘገጃጀቱ ለተማሪ የታሰበ ነው፤ ከእንግሊዝኛ የጠፉት የድሮ ፊደላት በዘመኑ ፊደል ተተክተዋል፣ ከባዱ ቃል እዚያው ከስንኙ አጠገብ ተፈትቷል፣ የአዘጋጁ ሐተታ ለብቻው ተቀምጧል። ጽሑፉን ያቀኑት በመስኩ የታወቁ ምሁራን ናቸው። ነጻ፣ ታማኝና ለተማሪ የሚመች የሚሉት ሦስቱም በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል።

ፓሪስና ቦሎኛ ያውቁት የነበረው

ዋጋንና ታማኝነትን አብሮ መያዝ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ተማሪዎቹ የሚያጠኑት ዘመን ራሱ ሠርቶበታል። በ13ኛው ምዕተ ዓመት በፓሪስና በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲዎች መጽሐፍ በእጅ የሚገለበጥ በመሆኑ ከተማሪው አቅም በላይ ነበር። መፍትሔው እንዲህ ነበር፦ ዩኒቨርሲቲው የፈቀደለት መጽሐፍ ነጋዴ የመማሪያውን ጽሑፍ ሳይጠርዝ በትናንሽ ክፍሎች ያስቀምጣል፤ ተማሪው ወይም ጸሐፊው አንድ አንድ ክፍል እየተከራየ ገልብጦ ይመልሳል። አንዱ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ በብዙ እጅ ይገለበጣል። የኪራዩን ዋጋ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነበር፤ በፓሪስ በ1275 ገደማና በ1304 የወጡ የዋጋ ዝርዝሮች ዛሬም አሉ። ዋናው ቅጂ ስሕተት እንዳይኖርበት የሚመረምሩ ሰዎችም ይሾሙ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ኃላፊነቱ የማን እንደነበረ ነው። ዩኒቨርሲቲው ዋጋውንም ትክክለኛነቱንም የራሱ ሥራ አድርጎ ይዟል። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ዋጋውን ለአሳታሚው፣ ትክክለኛነቱን ለመምህሩ፣ ክፍያውን ለተማሪው አከፋፍሎ እጁን ታጥቧል።

ነጻ የሆነውን ማን ያቆየዋል

በነጻ የሚገኝ ነገር ሁልጊዜ ይኖራል ማለት አይደለም። በጥቅምት 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ሲጠቃ ዲጂታል የብራና ስብስቡ ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። በመላው ዓለም ያሉ መምህራን ለክፍል ያዘጋጁት ማስፈንጠሪያ በአንድ ሌሊት የማይከፈት ሆነ። በ2025 ደግሞ ለሰብአዊ ጥናቶች የሚመደበውን ገንዘብ የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ከአንድ ሺህ በላይ ድጎማዎችን ሰረዘ። ከላይ ያነሣሁት የሮቸስተሩ ተከታታይ ለዓመታት ሲታገዝ የኖረው ከዚሁ መሥሪያ ቤት ነበር። ተማሪው የማይከፍልበት ጽሑፍ ሌላ ሰው የከፈለበት ነው፤ ያ ሰው እጁን ሲያጥፍ የሚቀጥለው ጽሑፍ አይዘጋጅም።

ብልህ መምህር የነጻውን ጽሑፍ ቅጂ ፈቃዱ እስከፈቀደ ድረስ አውርዶ ያስቀምጣል፤ የታተመውን አንድ ቅጂ በቤተ መጻሕፍቱ ለአጭር ጊዜ ውሰት ያስይዛል። ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት እትም ይያዝ የሚለውን ጥብቅ ልማድም ማላላት ይችላል። ኦሪጅናሉ ሲነበብ ግጥም የስንኝ ቁጥር አለው፤ ስንኝ 740ን ክፈቱ ሲባል የየትኛውም እትም አንባቢ ያገኘዋል። የንጉሥ አርተርን ታሪክ በስድ ንባብ የጻፈውን ማሎሪን ያሳተመው ካክስተን በ1485 መጽሐፉን በክፍልና በምዕራፍ ስለከፋፈለው እሱም በዚያ ይጠራል። የገጽ ቁጥር እስረኛ መሆን አሮጌውን ቅጂ ከገበያ ለማስወጣት የሚጠቅመው ለአሳታሚው ብቻ ነው።

የግእዙ ድርሻ

ይህ ጉዳይ እኛንም የሚነካበት ቀጥተኛ መንገድ አለ። የመካከለኛው ዘመን ኮርሶች ከአውሮፓ ወጣ ብለው ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ የግእዝ ሥራዎች በዝርዝሮቹ ላይ መታየት ጀምረዋል። ምክንያቱም በቂ ነው። ተአምረ ማርያም በአብዛኛው ከምዕራብ አውሮፓ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው፤ ቻውሰር የማርያምን ተአምር የምትተርክ መነኩሲት በካንተርበሪ ተረኮች ውስጥ የቀረጸውም በዚያው ዘመን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ አንድ የታሪክ ዘር በለንደንና በደጋው ኢትዮጵያ እንዴት የተለያየ ቡቃያ እንዳወጣ ያያል።

ታዲያ ተማሪው ምን ያነባል? ለረጅም ጊዜ በርካሽ የተገኘው የእንግሊዛዊው ምሁር የዋሊስ በጅ ትርጉም ብቻ ነበር፤ ክብረ ነገሥት በ1922፣ ተአምረ ማርያም በ1923 በሱ እጅ ወጥተዋል። በጅ ብዙ ደክሟል። ቢሆንም ከእሱ ወዲህ ያለው የመቶ ዓመት ጥናት በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ በሚኔሶታ በኮሌጅቪል ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተሰበሰቡትን ከ9 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች አላየም፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት የደከሙባቸውን የዝርዝር መጻሕፍት አላገኘም። በነጻ ስለሚገኝ ብቻ በጅን የሚመድብ መምህር ስለ ኢትዮጵያ የመቶ ዓመት አሮጌ ዕውቀት ያስተምራል። ደግነቱ ዛሬ አማራጭ አለ። የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት ብራናዎቹን ለተመዘገበ አንባቢ ሁሉ በነጻ ያሳያል፤ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያለው የተአምረ ማርያም ፕሮጀክትም ተአምራቱን እየመደበና እየተረጎመ በድረ ገጹ ያወጣል። ለአንድ ሳምንት ንባብ ከበቂ በላይ ነው።

ምን ይደረግ

መምህሩ ለሴሚስተሩ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት መጻሕፍት ብቻ እንዲገዙ ያድርግ፤ እነሱም ትርጉሙ ራሱ የኮርሱ ልብ የሆነባቸው ይሁኑ፣ ለምሳሌ ቤዎልፍና ጋዌን፣ በለስላሳ ሽፋን። መካከለኛ እንግሊዝኛውን በሮቸስተርና በሃርቫርድ ነጻ እትሞች ያስነብብ። አሮጌ ትርጉም የግድ ሲሆንበት ለምን አሮጌ እንደሆነና ምን እንደሚጎድለው ለተማሪው ይንገረው፤ አንድ አንቀጽ ከአዲስ ትርጉም ጋር አስተያይቶ ማስነበብም ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። በስልክ ብቻ የሚያነብ ተማሪ ካለ ግጥሙ በትንሽ ስክሪን ላይ ስንኙ እንዳይሰበር አይቶ፣ አስፈላጊውን ገጽ አሳትሞ ያድል።

ከመምህሩ አቅም በላይ የሆነው ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ነው። በብዙ ተቋማት አንድ ምሁር ለተማሪ የሚሆን ነጻ እትም ለማዘጋጀት አምስት ዓመት ቢደክም ለማዕረግ ዕድገት የሚቆጠርለት በጣም ጥቂት ነው፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያነቡት የምርምር መጽሐፍ ግን ሙሉ ዋጋ ያገኛል። ይህ ሚዛን መስተካከል አለበት። ለአንድ ጥሩ እትም አንድ ጊዜ የሚከፈል የሕዝብ ገንዘብ፣ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከኪሳቸው ከሚያወጡት እጅግ ያነሰ ነው፤ ጥቅሙም ለሚቀጥለው ትውልድ ይተርፋል። የግእዝ ሥራዎቻችንም ይህንኑ ይፈልጋሉ፤ ቃሉ የተፈታ፣ ሐተታው አጭር፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የተቀመጠ የተማሪ እትም። በውጭ ያለው ማኅበረሰባችን ልጆቹ በኮሌጅ ክፍል ውስጥ የአገራቸውን የመካከለኛ ዘመን ጽሑፍ በጥሩ ትርጉም እንዲያነቡ ከፈለገ፣ ገንዘቡንም ዕውቀቱንም ሊያውለው የሚገባ ሥራ ይህ ነው።